በናፍጣ ውስጥ ስለሚገባ ውኃና ስለሚያስጠነቅቀው መብራት

ሌሊት ውሻ ሲጮኽ አስተዋይ ባለቤት ተነሥቶ ደጁን ይመለከታል እንጂ ውሻውን አይመታም። ውሻውን መትቶ ዝም ቢያሰኘው እንቅልፍ ያገኝ ይኾናል፤ ሌባው ግን በበረት ውስጥ ሥራውን ይሠራል። በናፍጣ በሚሠራ በአሮጌ መኪናም እንዲህ ያለ ጠባቂ አለ፤ ይኸውም በናፍጣው ውስጥ ውኃ ሲጠራቀም በሾፌሩ ፊት የሚበራው ትንሽ መብራት ነው። አንዳንድ ሰው መብራቱ ባሰለቸው ጊዜ ሽቦውን ይቈርጣል፤ አምፖሉንም ያወጣል። ይህ ትምህርት የተጻፈው እንዲህ ያለው ሥራ የሚያመጣውን ጉዳት፣ መብራቱም ሲበራ በተራ የሚደረገውን ለማስረዳት ነው።

ነገሩ የሾፌር ጉዳይ ብቻ አይደለም። በአዊ ምድር ከእንጅባራና ከዳንግላ ርቀው በሚገኙ ቀበሌዎች መኪና ብዙ አይደለም፤ ያለውም ብዙ ጊዜ አሮጌ ነው። ድንቹንና ከሰሉን ወደ ገበያ የሚወስደው፣ ምጥ የጠናባትንም ሴት ወደ ሆስፒታል የሚያደርሳት ያው አንዱ መኪና ሊኾን ይችላል። ደግሞም በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት ስለ ከለከለ፣ በእጅ ያለውን ጠብቆ ማኖር ከፊተኛው ይልቅ ተፈላጊ ኾኗል። ስለዚህ መምህራንና ማንበብ የሚችሉ ሽማግሎች ነገሩን ተረድተው ለሾፌሩና ለባለ መኪናው ቢያስረዱ መንደሩን ይጠቅማሉ።

1፤ ውኃ ሞተሩን እንዴት ይጎዳል

በናፍጣ የሚሠራውን ሞተር ያወጣው ሩዶልፍ ዲዝል የተባለ የጀርመን መሐንዲስ ነው፤ በሚገባ ሠርቶ የታየውም በአውሮፓ አቈጣጠር በ1897 በአውግስቡርግ ከተማ ነው። ይህ ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር ካንዴላ የለውም። አየሩ በሲሊንደር ውስጥ እጅግ ተጨምቆ ይግላል፤ በጋለው አየር ላይ ናፍጣው እንደ ጉም ኾኖ ሲረጭ በራሱ ይነዳል።

ናፍጣውን የሚገፋው ፖምፓና የሚረጨው ኢንጄክተር እጅግ በጠበበ ልክ የተሠሩ ናቸው። በፖምፓው ውስጥ በሚንሸራተቱት ብረቶች መካከል ያለው ክፍተት አንድ ሚሊሜትር ከሺህ ቢከፈል ከዚያ ጥቂቱን እጅ ያኽላል፤ የሰው ጠጕር እንኳ ከዚህ ብዙ እጥፍ ይወፍራል። እነዚህን ብረቶች የሚያለሰልሳቸው ራሱ ናፍጣው ነው። በናፍጣው ፈንታ ውኃ ሲገባ ግን ብረት ብረትን ይፍቃል፤ ዝገትም ይዠምራል። ወደ ኢንጄክተሩ አፍ የደረሰ ውኃ ከሙቀቱ የተነሣ በድንገት እንፋሎት ኾኖ አፉን ሊሰብረው ይችላል። ደግሞም ውኃና ናፍጣ በሚገናኙበት ስፍራ በዐይን የማይታዩ ተሐዋስያን ይራባሉ፤ ከእነርሱም የሚወጣው ጥቍር ልጋግ የመሰለ ቆሻሻ ማጣሪያውን ይደፍናል።

2፤ ውኃው ከወዴት ይመጣል

እንጅባራ ከባሕር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ፣ ዳንግላም ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍ ያሉ ስለ ኾኑ ሌሊቱ ቀዝቃዛ ነው፤ በክረምትም ዝናሙ ብዙ ነው። የመኪናው ሳልባትዮ ጎድሎ ያደረ እንደ ኾነ፣ ባዶውን ስፍራ የመላው እርጥብ አየር ሌሊት ሲቀዘቅዝ በግድግዳው ላይ ጤዛ ይኾናል፤ ጤዛውም ተንጠባጥቦ ከናፍጣው በታች ይጠራቀማል። ስለዚህ ሳልባትዮውን ጠዋት ከመሙላት ይልቅ ማታ ሞልቶ ማሳደር ይሻላል።

ኹለተኛው መንገድ በርሚል ነው። በደጅ ቀጥ ብሎ የቆመ በርሚል በራሱ ላይ የዝናም ውኃ ይይዛል። ቀን ፀሐይ ሲመታው በውስጡ ያለው አየር ሰፍቶ ይወጣል፤ ማታ ሲቀዘቅዝ ግን ተኰማትሮ በክዳኑ ዙሪያ ያለውን ውኃ ወደ ውስጥ ይስባል። ስለዚህ በርሚል በጣራ ሥር ይቀመጥ፤ ጣራ ቢታጣም ኹለቱ ክዳኖቹ ግራና ቀኝ እኩል እንዲኾኑ ኾኖ በጎኑ ይጋደም።

ሦስተኛው፣ ሳይደርቅ ናፍጣ የተቀዳበት ጀሪካን፣ ጎማው ያረጀ የሳልባትዮ ክዳን፣ ወይም ጥልቅ ወንዝ መሻገር ነው። አራተኛውም፣ ናፍጣው ከጅቡቲ ወደብ በቦቴ ረጅም መንገድ ተጕዞ በማደያ ጕድጓድ ውስጥ ስለሚከማች፣ በዚህ ኹሉ መካከል ውኃ ሊቀላቀለው ይችላል።

3፤ መብራቱ እንዴት ያውቃል

አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ግራም ያኽል ይመዝናል፤ አንድ ሊትር ናፍጣ ግን ከ820 እስከ 860 ግራም ያኽል ነው። ስለዚህ ውኃው ይዘቅጣል፤ ናፍጣው ከላይ ይቀራል። በማጣሪያው ሥር በናፍጣ ውስጥ የሚሰጥም፣ በውኃ ላይ ግን የሚንሳፈፍ ትንሽ ዕቃ አለ። ውኃው ከልክ ሲያልፍ ይህ ዕቃ ከፍ ይላል፤ በውስጡ ያለው ማግኔትም የኤሌክትሪኩን መንገድ ያገናኛል፤ ያን ጊዜ መብራቱ ይበራል። እንግዲህ መብራቱ የሚናገረው ውኃው ገና በማጣሪያው ሳለ፣ ፖምፓው ሳይጎዳ ነው። የዚህ ምልክት ጥቅሙ ኹሉ በዚህ ነው።

4፤ መብራቱ ሲበራ የሚደረገው

በመዠመሪያ ይህ ይታወቅ፤ ቍልፉ ሲዞር ሌሎቹ መብራቶች ሲበሩ ይህም አብሮ በርቶ ሞተሩ ሲነሣ ቢጠፋ ደኅና ነው። ከቶ የማይበራ ከኾነ አምፖሉ ተቃጥሏል ወይም ሰው አውጥቶታል ማለት ነውና ይተካ። ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ቢበራ ግን ተራው እንዲህ ነው።

አንደኛ፣ ሾፌሩ ደኅና ስፍራ ፈልጎ ያቁም፤ ሞተሩን ያጥፋ፤ እስኪበርድም ይቈይ። በአጠገቡ ትንባሆ የሚያጤስ ሰው አይኑር።

ኹለተኛ፣ ከማጣሪያው በታች ንጹሕ ጠርሙስ ወይም ጣሳ ያኑር። ከሥር ያለውን የማፍሰሻ ብሎን ጥቂት ያላላ፤ ከላይ ያለውን የእጅ ፖምፓ ደጋግሞ ይጫን። ውኃው ይወጣል፤ ንጹሕ ናፍጣ መውጣት ሲዠምር ብሎኑን በእጁ ያጥብቅ። በመፍቻ እጅግ ያጠበቀው እንደ ኾነ ሊሰበር ይችላል።

ሦስተኛ፣ የእጅ ፖምፓው እስኪከብድ ድረስ ይጫን፤ ይህም በመንገዱ የገባው አየር እንዲወጣ ነው። ከዚያ ሞተሩን ያስነሣ።

አራተኛ፣ የፈሰሰው በጠርሙስ ኾኖ ግማሽ ሰዓት ያኽል ይቀመጥ። ውኃ ካለ ከሥር ተለይቶ ይታያል። ኹሉም አንድ ዓይነት ቢመስል አንድ ማንኪያ ውኃ ይጨመርበት፤ ውኃው ተለይቶ ወደ ሥር ቢወርድ ጠርሙሱ የያዘው ናፍጣ ነው፤ ተቀላቅሎ ቢጠፋ ግን የያዘው ውኃ ብቻ ነበረ። ይህ ፈሳሽ በምንጭ ወይም በወንዝ አጠገብ አይደፋ፤ የእነዚህን ወንዞች ውኃ ሰውም ከብትም ይጠጣዋልና።

5፤ መብራቱ አልጠፋ ቢል

መብራቱ ጠፍቶ በጥቂት ቀን ውስጥ ተመልሶ ቢበራ ውኃው በሳልባትዮው ውስጥ ነው። ያን ጊዜ የሳልባትዮው የታች ብሎን ተፈትቶ ዝቃጩ ይፍሰስ፤ ማጣሪያውም ይለወጥ። ናፍጣ በቱቦ በአፍ መሳብ ግን እጅግ አደገኛ ነው፤ ወደ ሳንባ የገባ እንደ ኾነ ሰውን ሊገድል ይችላልና ማንም አያድርገው።

ከማጣሪያው ውኃ ሳይወጣ መብራቱ በርቶ ቢቀር፣ ከሥሩ ያለው የሽቦ መጋጠሚያ ይነቀል። በብዙዎቹ አሮጌ መኪናዎች ሲነቀል መብራቱ ቢጠፋ፣ ያ ተንሳፋፊ ዕቃ በቆሻሻ ተይዟል ማለት ነው፤ ይታጠብ ወይም ይለወጥ። ተነቅሎም ቢበራ ሽቦው ተልጦ የመኪናውን ብረት ነክቷል። በመጋጠሚያው ላይ አረንጓዴ ዝገት ቢታይ ይጠረግ። በአንዳንድ መኪናም ይኸው መብራት የማጣሪያውን መደፈን ያመለክታል። ምክንያቱ ከታወቀ በኋላ መጋጠሚያው ወደ ስፍራው ይመለስ፤ ነቅሎ መተው ጠባቂውን እንደ መግደል ነው።

ሞተሩ ቢንኳኳ፣ ነጭ ጢስ ቢያወጣ፣ ጕልበቱም ቢደክም ግን ውኃው ከማጣሪያው አልፎ ይኾናልና ይጥፋ፤ ወደ መካኒክም ተጐትቶ ይኺድ። የመጐተት ዋጋ ከፖምፓ ዋጋ ይቀላል።

6፤ በትምህርት ቤት የሚሠራ

መምህሩ በብርጭቆ ጠርሙስ የኑግ ዘይትና ውኃ እኩል አድርጎ ይጨምር፤ ክዳኑን ዘግቶ ይበጥብጥ፤ በጠረጴዛም ላይ ያቁመው። ተማሮቹ የትኛው ከላይ፣ የትኛው ከታች እንደ ኾነ አይተው ምክንያቱን በአማርኛም በአዊኛም ይናገሩ። ናፍጣ ወደ ክፍል ማምጣት አያስፈልግም።

ጥያቄ።

1፤ ናፍጣ ከውኃ በላይ የሚኾነው ስለ ምንድር ነው?
2፤ በደጅ የቆመ በርሚል ክዳኑ ተዘግቶ ሳለ ውኃ እንዴት ይገባዋል?
3፤ ማጣሪያው ፈስሶ ውኃ ባይገኝ፣ መብራቱም ባይጠፋ ምን ይመረመራል?
4፤ አንድ ሾፌር «መኪናው ይኼድልኛልና መብራቱ ምን ያደርግልኛል» ቢል ምን ትመልሱለታላችሁ?

ለአራተኛው ጥያቄ ተማሮቹ በየቤታቸው ከአባቶቻቸው ጋራ ይመካከሩበት። ውኃውን ለማፍሰስ የሚበቃው ጥቂት ደቂቃና አንድ ጣሳ ነው። ይህ ሥራ በቀን በሰላም ጊዜ ካልተሠራ፣ መኪናው በክረምት ሌሊት፣ በጭቃ መንገድ፣ በሽተኛ ጭኖ ሳለ ይቆማል፤ ያን ጊዜ የሚጠፋው ገንዘብ ብቻ አይደለም።