የታመመችን ወይም የቆሰለችን ዶሮ በቤታችን እንዴት እንርዳ?

በካኩማ ካምፕ በየግቢያችን ሁለት ሦስት ዶሮ የምናረባ ብዙዎች ነን። የእንቁላሉ ገንዘብ ለሳሙናና ለልጆች ደብተር ይውላል። ስለዚህ አንዲት ዶሮ ላባዋን ነፍታ ጥግ ስትይዝ የቤቱ ሰው ይደነግጣል፤ ደንግጦም ወይ ቢላዋ ያነሳል፣ ወይ ያገኘውን ክኒን ይፈጭላታል። ከሁለቱም በፊት መቅደም ያለበት ዶሮዋን ከጤነኞቹ መለየት ነው። በጥላ ሥር፣ በቅርጫት ወይም በካርቶን ትቀመጥ፤ የውሃ ዕቃዋም የብቻዋ ይሁን።

ቀጥሎ ነገሩ ቁስል ነው ወይስ በሽታ? ብለን እንመርምር።

ውሻ ነክሷት ወይም ሌሎች ዶሮዎች ነቁረዋት ከሆነ ብዙ ጊዜ በቤት ትድናለች። ደም ከፈሰሰ በንጹሕ ጨርቅ ለጥቂት ደቂቃ ጫን ብለን እንያዝ። አንድ ሊትር ውሃ አፍልተንና አቀዝቅዘን፣ ሁለት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምረን ቁስሉን እናጥባለን። ንጹሕ ማር ከተገኘ መቀባት ጥሩ ነው። አመድ፣ ኩበትና ላምባ ግን ቁስሉን ያብሱታል። ዝንብ እንዳታርፍበትና ትል እንዳያፈራ ቅርጫቱን በአሮጌ አጎበር መሸፈን ይጠቅማል። ዶሮዎች ቀይ ነገር ካዩ መንቆር ስለማይተው ቁስሉ ሳይደርቅ ወደ መንጋው አትመለስ።

ደክማ መጠጣት ካቃታት የመንቁሯን ጫፍ ውሃ ውስጥ ነከር እናድርግላት እንጂ በጉሮሮዋ አናንቆርቁር፤ የአየር ቧንቧዋ ከምላሷ ኋላ ስለሚከፈት ውሃው ወደ ሳንባዋ ይገባል።

በካኩማ ሙቀት አፏን ከፍታ፣ ክንፏን ዘርግታ የምታለከልክ ሁሉ ታማለች ማለት አይደለም። ዶሮ አታልብም። በጥላና በቀዝቃዛ ውሃ ከተሻላት ሙቀት ነው።

የሚከፋው ፈንግል ነው። አረንጓዴ ተቅማጥ፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የአንገት መጠምዘዝ፣ የእግርና የክንፍ ሽባነት ከታየ፣ በጥቂት ቀናትም ብዙ ዶሮ ከሞተ ፈንግልን እንጠርጥር፤ ለእንስሳት ጤና ሠራተኛም እንንገር። መንስኤው ቫይረስ ስለሆነ የሚያድን መድኃኒት የለውም። ለሰው የተሰጠ የቴትራሳይክሊን እንክብል ፈትቶ ማጠጣት መድኃኒት ማባከን ነው፤ ርዝራዡም በእንቁላሉ በኩል ወደ ልጆቻችን ይደርሳል። ነጭ ሽንኩርትና ሚጥሚጣም ፈንግልን አይረቱትም።

አንድ ነገር በግልጽ እንነጋገር። የታመመችን ዶሮ ቶሎ ገበያ ማውጣት በሽታውን ለጎረቤት መሸጥ ነው። አርዶ ላባና አንጀቷን ሜዳ ላይ መጣልም ያው ነው፤ የረገጥንበት ጫማ እንኳ ያዛምታል። የሞተችውን ውሻ በማይደርስበት ጥልቅ ጉድጓድ እንቅበር፤ እጃችንንም በሳሙና እንታጠብ።

ክትባት ግን አለ። ለጤነኛ ዶሮ ብቻ ነው የሚሰጠው፤ ዓይን ውስጥ የሚጨመረው ጠብታ በየሦስት ወይም በየአራት ወሩ ይደገማል። አንዱ ብልቃጥ ብዙ ጊዜ ለ50 ወይም ለ100 ዶሮ የሚበቃ ነው፤ ከተበጠበጠ በኋላም በሰዓታት ውስጥ ካላለቀ ይበላሻል። ሦስት ዶሮ ላለው ሰው ብቻውን አያዋጣውም። የአንድ ብሎክ ነዋሪዎች ገንዘብ አዋጥተን ባለሙያ ብንጠራ ግን ሁሉም በአንድ ጠዋት ይከተባሉ። ጎሕ ሲቀድ፣ ከማደሪያቸው ሳይወጡ ቢሆን ይመረጣል፤ አንዴ ከተበተኑ ልጆቹን ሁሉ ብናሰልፍም አንይዛቸውም።