የክረምት አንቴና፤ ንባቡና ትርጓሜው

የስድስት ኪሎ የአርትስ ተማሪ ስለ አንቴና ሲጽፍ የአምስት ኪሎ ጓደኞቻችን እንደሚስቁ አውቃለሁ። ይሳቁ፤ ጽሑፉ የሚጀምረውም በቀልድ ነው። ነገር ግን ቀልዱ አጎቴ ቤት ደርሶ ግድግዳ ስለ ሰነጠቀ፣ አንባቢ እስከ መጨረሻው እንዲታገሠኝ እለምናለሁ።

በመጀመሪያ የቀልዱን ባለቤቶች እንወቅ። በዓለም ሁሉ «አማተር ራዲዮኞች» የሚባሉ ሰዎች አሉ። እነዚህ ሰዎች ለደመወዝ ወይም ለንግድ ሳይሆን ሥራውን ስለሚወዱት ብቻ፣ ከየመንግሥታቸው ፈቃድና የጥሪ ምልክት ተቀብለው፣ በገዛ ራዲዮናቸው በአየር ላይ እየተጠራሩ የሚነጋገሩ ናቸው። የኢትዮጵያ ጥሪ «ኢ ቲ» ብሎ ይጀምራል። በ1950ዎቹ አሥመራ በነበረው በቃኘው ጣቢያ ከሚያገለግሉት አሜሪካውያን ወታደሮች መካከል በዚህ ጥሪ ከዓለም ጋራ ይጨዋወቱ የነበሩ አሉ። የኢትዮጵያ አማተር ራዲዮ ማኅበር የክበብ ጣቢያም፣ ጥሪው «ኢ ቲ 3 ኤ ኤ» የሆነው፣ ከእኛው ዩኒቨርሲቲ ከአምስት ኪሎ የቴክኖሎጂ ግቢ ነው።

እነዚህ ሰዎች ክረምት በመጣ ቁጥር ስለ አንቴና አያያዝ የሚሰጣጡት ምክር አለ። ምክሩ ቀልድ ነው፤ ቀልዱም ምክር ነው። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሳለሁ አንድ የምሕንድስና ተማሪ ጓደኛዬ ሦስቱን ነገረኝ።

አንደኛው እንዲህ ይላል፤ «አንቴናህ ክረምቱን ቆሞ ከከረመ፣ ትንሽ ነበር ማለት ነው።» ይኸውም እውነተኛ ራዲዮኛ ከሆንህ ነፋስ የሚጥለው፣ በረዶ የሚሰብረው ትልቅና ረዥም አንቴና በተከልህ ነበር ሲል ነው።

ሁለተኛው፤ «ጣትህ እየደነዘዘ በበረዶ ውስጥ የሰቀልኸው አንቴና፣ በሞቃት ቀን ከተሰቀለው ይልቅ ሩቅ ይሰማል።» ለዚህ ሳይንሳዊ ማስረጃ የሚጠይቅ ቢኖር እንደ ጀማሪ ይቈጠራል።

ሦስተኛው በመብረቅ ላይ ነው። አንዳንዶች ማዕበል ሲመጣ የአንቴናውን ገመድ ከራዲዮው ነቅለው ጫፉን በብርጭቆ ማሰሮ ውስጥ ይከቱታል፤ ብርጭቆ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍምና። ጓደኞቻቸውም «ኪሎ ሜትሮች አየር ዘሎ የመጣ መብረቅ፣ ከአንተ ማሰሮ ሲደርስ አፍሮ ሊመለስ ነውን?» እያሉ ይስቁባቸዋል።

እኔም በዚያ ዓመት ለዕረፍት ወደ ላይ ጋይንት ስሄድ ከሦስቱ ቀልዶች አንደኛውን ብቻ ይዤ ሄድሁ። አጎቴ የሚኖሩት ከነፋስ መውጫ ወጣ ባለ ቀበሌ ነው። የከተማይቱ ስም ራሱ ለአንቴና ሰቃይ ማስጠንቀቂያ ነው፤ እኔ ግን ልብ አላልሁትም። አጎቴ ማታ ማታ በአጭር ሞገድ ዜና መስማት ይወዳሉ፤ በ1957 ዓ.ም. የተጀመረውን የጀርመን ድምፅ የአማርኛ ሥርጭት በተለይ አያሳልፉም። የስልክ መረብ ሲጠፋ ደግሞ ራዲዮ ለመንደሩ ሁሉ ብቸኛው የወሬ በር ነው። «ጣቢያው እየራቀ እየቀረበ ያስቸግረኛል፤ ዩኒቨርሲቲ ገብተሃልና ብልሃቱን ንገረኝ» አሉኝ።

ቀልዱን በታላቅ ኩራት ነገርኋቸው፤ ቤተ ሰቡም ሣቀ። ከዚያም አርባ ሜትር የሚያህል ሽቦ ገዝተን፣ ከግቢው ከሁሉ በረዘሙት ሁለት ባሕር ዛፎች ጫፍ ላይ ወጥረን፣ ጫፉን በመስኮት አስገብተን ከራዲዮው አንቴና ጋራ ጠመጠምነው። እውነትም ያን ማታ ድምፁ ጥርት ብሎ ተሰማ። እኔ ተመስግኜ ወደ አዲስ አበባ ተመለስሁ።

ሐምሌ ገባ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በጉና በኩል የጠቈረው ደመና ወረደና መብረቁ ከሁለቱ ባሕር ዛፎች በአንደኛው ላይ ወደቀ። ከዚያ ወደ ቤት የሚያስገባውን መንገድ እኔ አዘጋጅቼለት ነበር። ራዲዮው ተበታተነ፤ የጭቃው ግድግዳ ከመስኮቱ እስከ መሬት ተሰነጠቀ፤ ከምሰሶው አጠገብ ታስሮ የነበረ በግ ሞተ። ልጆቹ በዚያች ሰዓት ማድ ቤት እሳት ዳር ስለ ነበሩ ተረፉ። ሌላ ጊዜ ቢሆን የሚቀመጡት ከራዲዮው ሥር ነው።

አጎቴ ስልክ ደወሉልኝ። አልተቈጡም። ጋይንት የድጓው ምስክር ቤት የቤተ ልሔም አገር ነውና፣ እንደ አገራቸው ልማድ «ልጄ፣ ንባቡን አስተማርኸኝ፤ ትርጓሜውን ይዘኸው ሄድህ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ትርጓሜውን ስፈልግ ከርሜ ያገኘሁትን ከዚህ በታች እጽፋለሁ።

የመጀመሪያው ስሕተቴ «ክረምት» የሚለውን ቃል አለመመርመሬ ነው። ቀልዱ የተወለደው በፈረንጅ አገር ክረምት ነው። በዚያ ክረምት የአንቴና ጠላት ክብደት ነው፤ በረዶ በሽቦው ላይ እየተጋገረ ሽቦው ከራሱ ክብደት ብዙ እጥፍ እንዲሸከም ያደርገዋል። ነጎድጓድ ግን በዚያ ወራት ጥቂት ነው፤ ሌሊቱም ረዥም ነው። ስለዚህ በዝቅተኛ ድግግሞሽ ለሚያዳምጥ ሰው ክረምት የመከር ወቅት ነው፤ አንቴናውም በዚያን ጊዜ ቆሞ እንዲገኝለት ይፈልጋል።

የእኛ ክረምት፣ በባሕረ ሐሳብ ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 የሚቈጠረው፣ የዚህ ተቃራኒ ነው። የነጎድጓድና የመብረቅ ወራት ነው። መብረቅ ራሱ እንደ ራዲዮ ማስተላለፊያ ሞገድ ስለሚረጭ፣ አጭር ሞገድ ስንከፍት የሚፈነዳውና የሚንኰሻኰሸው ድምፅ ያኔ ይበዛል። እንግዲህ አንቴናው ትልቅ በሆነ መጠን ጣቢያውን ብቻ ሳይሆን ሁከቱንም አብሮ ይሰበስባል። ብርድና ውርጭ ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በጉና ተራራና በዙሪያው የሚበረታው በበጋ፣ ጥርት ባለው ሌሊት ነው። እርሱም ለሽቦ ብዙ አያሰጋም፤ 20 ሜትር የመዳብ ሽቦ ሙቀቱ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢወርድ የሚያጥረው 7 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው።

ሁለተኛው ስሕተቴ ከፍታ ነው። በ7 ሜጋኸርዝ አካባቢ የሚሠራ ሞገድ ወደ ሰማይ ወጥቶ፣ አዮኖስፌር ከሚባለው የላይኛው የአየር ክፍል ነጥሮ፣ እንደ ዝናብ ከላይ ይወርዳል። ስለዚህ ተራራ አያግደውም። ወደ በሽሎ በሚወርደው በስማዳ ቆላ ሸለቆ ውስጥ የተቀመጠ ሰውም፣ በእስቴ አምባ ላይ የተቀመጠ ሰውም ሊሰማው ይችላል። ለማዳመጥ ብቻ ከሆነ ከመሬት በላይ ሦስት ወይም አራት ሜትር ከፍ ብሎ የተዘረጋ አሥር ሜትር ሽቦ ይበቃል። ፈቃድ ይዞ ለሚያስተላልፍ ደግሞ የተለመደው ስሌት 143ን በሜጋኸርዙ ማካፈል ነው፤ ለ7.1 ሜጋኸርዝ 20 ሜትር ያህል ይሆናል። የባሕር ዛፍ ጫፍ የሚያስፈልግበት ምክንያት አልነበረም፤ ጫፉን የመረጥሁት ለቀልዱ ክብር ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። በጋይንት፣ በስማዳ፣ በእስቴ ወይም በሌላ ደጋ ቤተ ሰብ ያለው ተማሪ የሚከተለውን ይዞ ይሂድ።

1ኛ፤ ሰማዩ ሲጠቍር፣ ነጎድጓድ ሳይሰማ፣ ሽቦውን ከራዲዮው አላቅቆ ጫፉን ከቤት ውጭ ማውጣት ነው። በውጭም ወደ መሬት ጠልቆ ከተቀበረ የብረት ዘንግ ጋራ ማሰር ይገባል። ነጎድጓዱ ከተሰማ በኋላ ግን ሽቦውን መንካት የለም፤ ራዲዮ ይገዛል፣ ሰው አይገዛም።

2ኛ፤ ብልጭታውን አይቶ ድምፁ እስኪሰማ መቍጠር ነው። በየሦስቱ ሰከንድ አንድ ኪሎ ሜትር ይታሰባል። ከ30 ሰከንድ በፊት ከተሰማ መብረቁ ከ10 ኪሎ ሜትር ወዲህ ነውና ከደጅ ወደ ደኅና መጠለያ መግባት፣ ከዛፍ ሥር መራቅ፣ የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላም 30 ደቂቃ መታገሥ ያስፈልጋል።

3ኛ፤ በመሬት ዘንግም ሆነ በብርጭቆ ማሰሮ ብቻ አለመመካት ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 16 አምፔር ገደማ ይስባል፤ አንድ መብረቅ ግን ብዙ ጊዜ 30,000 አምፔር ያህል ይዞ ይመጣል። ዘንጉ ጕዳቱን ይቀንሳል እንጂ መብረቁን አይከለክልም፤ ማሰሮውም ገመዱ ከቤት ውስጥ እስካለ ድረስ ማሰሮ ብቻ ነው። «ቀይ ልብስ መብረቅ ይስባል» የሚባለውንም ቢሆን መብረቅ ቀለም አይመርጥም፤ የሚመርጠው ከፍታንና ወደ መሬት የሚያደርስ መንገድን ነው።

4ኛ፤ ሽቦውን በመብራት መስመር ላይ ወይም አጠገብ አለመዘርጋት ነው። ነፋስ አንዱን በሌላው ላይ ከጣለው መብረቅ ሳይመጣም ሰው ይሞታል።

5ኛ፤ ዛፍ ስለሚወዛወዝ የሽቦውን አንድ ጫፍ በገመድ አስሮ፣ ገመዱን በቅርንጫፍ አሳልፎ፣ ከታች ድንጋይ ማንጠልጠል ነው። ነፋስ ሲመጣ ድንጋዩ ይወጣል፣ ይወርዳል፤ ሽቦው አይበጠስም። በገመዱና በሽቦው መካከልም ከሃይላንድ ጠርሙስ የተቈረጠ ፕላስቲክ ማስገባት ነው።

6ኛ፤ ሽቦው በመስኮት ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ጐንበስ ብሎ እንደገና እንዲወጣ ማድረግ ነው፤ ውሃው ከጕብጠቱ ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ወደ ቤት አይገባም። መጋጠሚያውንም በብስክሌት ጎማ ውስጠኛ ላስቲክ ጠቅልሎ ሰም መቀባት ነው፤ ሰም ደግሞ ከጋይንት ማር ቈራጭ አይጠፋም።

7ኛ፤ ከሁሉ የሚሻለው፣ ሰኔ ሲገባ አውርዶ መስከረም አልቆ ሰማዩ ሲጠራ መልሶ መስቀል ነው። በመካከሉ ያለውን ጊዜ ራዲዮው በራሱ አንቴና ይስማ፤ ትንሽ ቢያንኰራፋ ትዕግሥት ነው። ነጎድጓድ ከሰኔ በፊትም በበልግ ዝናብ ስለሚመጣ ግን የ1ኛው ደንብ ዓመቱን ሙሉ ይጸናል።

እንግዲህ የአማተሮቹ ቀልድ ሐሰት አልነበረም። በአገሩ ሲነገር ትርጓሜው በሰሚው ልብ ውስጥ አለ፤ ሁሉም የሚስቀው ገመዱን ከነቀለ በኋላ ነው። እኛ ተማሪዎች ከመጽሐፍም፣ ከክፍልም፣ ከጓደኛም የሰማነውን ለዕረፍት ወደ አገር ቤት ይዘን ስንሄድ፣ የሚሰማን ሰው ስለ ትምህርታችን ብሎ ያምነናል። አጎቴ እኔን ባያምኑኝ ኖሮ ዛፉ ላይ ባልወጣን ነበር። ስለዚህ «ይኽ የተባለው በየትኛው ክረምት ነው?» ብሎ መጠየቅ የእኛ ዕዳ ነው።

ዘንድሮ ሰኔ ሲገባ ደወልሁላቸው። ስለ አዝመራው ከጠየቅሁ በኋላ እየፈራሁ ስለ አንቴናው አነሣሁ። ሣቁብኝ።

«ወርዷል» አሉ፤ «ተጠቅልሎ ከምሰሶው ላይ ተሰቅሏል። ዘንድሮ ክረምቱን ከእኛ ጋራ ቤት ውስጥ ይከርማል።»