«ሻል» በሕግ እንግሊዝኛ፦ አንዲት ቃል፣ የተለያየ ፍቺ

«ሻል» የተሰኘችው አጭር የእንግሊዝኛ ረዳት ግሥ በዕለት ንግግር መጪውን ጊዜ ታመለክታለች፤ በጥያቄም «እንሂድን?» እንደማለት ፈቃድ ትጠይቃለች። በሕግ ጽሑፍ ግን ግዴታን ትጥላለች፤ ሁኔታንም ታውጃለች። የአሜሪካ ፌዴራል የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ደንቦች እ.ኤ.አ. በ2007 እንደገና ሲጻፉ ቃሏ የተወገደችው በዚሁ አሻሚነቷ ነው።

አሻሚነቱ ወደ አማርኛ በመተርጎም ብቻ አይጠፋም፤ የአማርኛው የትንቢት ግሥም ሁለቱን የሕግ ፍቺዎች ያስተናግዳልና። «አዋጁ ከታተመበት ቀን ጀምሮ የጸና ይሆናል» ሲባል ይታወጃል፤ «ፍርድ ቤቱ ውሳኔውን በጽሑፍ ይሰጣል» ሲባል ግን ይታዘዛል። መለያው የዐረፍተ ነገሩ ባለቤት ነው፦ «ግዴታ አለበት» የሚለው ሐረግ ለፍርድ ቤት ይስማማል፤ ለአዋጅ አይስማማም። ስለዚህ ተርጓሚው አስቀድሞ ግዴታው በማን ላይ እንደሚወድቅ ሊመረምር ይገባዋል፤ አለዚያ ባለመብቱ የሚጠይቀውን አካል ያጣል።