በትንንሽ ደሴቶች ትምህርት ቤቶች ስለ ባሕር ጥበቃ የሚሰጥ ትምህርት

የደሴት ልጅ ባሕርን ያውቃል ተብሎ ይገመታል። በዛንዚባር የታየው ግን ከዚህ ግምት የራቀ ነው። አባቱ ዓሣ አጥማጅ የሆነ ልጅ እንኳ ከውኃው በታች ያለውን ሳያይ ያድጋል፤ በተለይም ሴቶች ልጆች ዋና የሚማሩት እምብዛም ስለ ሆነ፥ ባሕሩ ለብዙዎቹ ከዳር ሆነው የሚመለከቱት ነገር ብቻ ነበር።

ለዚህም አንዱ ምክንያት በቋንቋው ውስጥ ይገኛል። በስዋሂሊ ኮራል በተለምዶ የሚጠራው ድንጋይና ዐለት በሚሉ ቃላት ነው። ስያሜው አያስደንቅም፤ የዛንዚባር አሮጌ ከተማ ቤቶች ከዚሁ ድንጋይ የታነጹ ናቸውና፥ የተለሰኑበትም ኖራ ኮራል በማቃጠል የተገኘ ነው። ይሁን እንጂ ድንጋይ ነው ብሎ ያመነ ሰው ይሞታል ብሎ አይሠጋም። ስለዚህም አንዳንድ አጥማጆች ኮራሉን በረዥም ዱላ እየደበደቡ ዓሣውን ወደ መረብ መንዳትን እንደ ጥፋት ሳይቆጥሩት ኖረዋል። ኮራል ግን እጅግ ጥቃቅን የሆኑ እንስሳት በአንድነት ሆነው የሚገነቡት ነው። እድገቱ ዝግተኛ በመሆኑ በአንድ ቀን የተሰበረውን ለመተካት ብዙ ዓመታት ያስፈልጋሉ። ዓሣ የሚመገበውና ጫጩቱም የሚሸሸገው በዚያው ስለ ሆነ፥ ጉዳቱ ዞሮ የሚደርሰው በአጥማጁ ማዕድ ላይ ነው።

ከዛንዚባር ከተማ በስተደቡብ በ12 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ቹምቤ የምትባል ትንሽ ደሴት አለች። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1994 የዛንዚባር መንግሥት በምዕራብ ዳርቻዋ የሚገኘውን ኮራል ዓሣ የማይጠመድበት ክልል አድርጎ ዐወጀ። ጥበቃውን የሚያካሂደው የግል ድርጅት ከአገር ጎብኚዎች በሚያገኘው ገቢ የአካባቢውን ተማሪዎች እየወሰደ ያስተምራል። ጠባቂዎቹ ከአጎራባች መንደሮች የተመለመሉ የቀድሞ አጥማጆች ሲሆኑ፥ የጦር መሣሪያ አይዙም፤ ወደ ክልሉ የገባውን አጥማጅ በቃል አስረድተው ይመልሱታል።

ተማሪዎቹ ከመምህሮቻቸው ጋር በጀልባ ይደርሳሉ። ከውኃ በላይ የሚያንሳፍፍ ልብስ ለብሰው፥ የውኃ መነጽርም አድርገው ፊታቸውን ወደ ባሕሩ ይደፋሉ። መዋኘት የማታውቅ ልጅ ከ400 የሚበልጡ የዓሣ ዓይነቶች የሚኖሩበትን ሥፍራ በገዛ ዐይኗ ታያለች። ቤቶቹም ራሳቸው ትምህርት ናቸው፤ የዝናብ ውኃ ከጣራቸው ይጠራቀማል፥ መብራታቸው ከፀሐይ ይገኛል፥ መጸዳጃቸውም ውኃ አይፈልግም።

እርግጥ የአንድ ቀን ጉዞ ብቻውን አይበቃም። መምህሩ አስቀድሞ ካላዘጋጀና ከተመለሱም በኋላ ካልጠየቀ ጉዞው ሽርሽር ሆኖ ይቀራል። ከዚህም በቀር ለተማሪው እውነቱ ሊነገረው ይገባል፤ በ1998 የሕንድ ውቅያኖስ ሲሞቅ በብዙ ሥፍራ ኮራል ነጥቶ ሞቷል፥ ይህንም ማናቸውም የክልል ጠባቂ ሊከለክለው አይችልም። ጠባቂ የሚከለክለው ዱላውንና መረቡን ነው። የተጎዳው ኮራል ለማገገም ዕድል የሚያገኘውም እነዚህ ሲወገዱለት ነው።

የገንዘቡ ምንጭ ግን አስተማማኝ አይደለም። በ2020 በወረርሽኙ ምክንያት የጎብኚዎች መምጣት በተቋረጠ ጊዜ፥ በጎብኚ ገቢ ላይ የተመሠረተ ሥራ ምን ያህል በቀላሉ እንደሚናጋ ታይቷል። ጀልባ ባልተገኘበት ጊዜ፥ በዛንዚባር ዳርቻ ያለ ትምህርት ቤት ባሕሩ ወደ ኋላ የሚሸሽበትን ሰዓት ጠብቆ ተማሪዎቹን በእግር ወደ ዳርቻው ሊያወርድ ይችላል።