የቆዩ የቤት ኮምፒውተሮችን ምስል በዘመናዊ ቴሌቪዥን ማርጋት፦ የ50 እና የ60 ኸርዝ ጥያቄ

አንድ ኮሞዶር 64 መራዊ ወይም ፍኖተ ሰላም ውስጥ ከጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ጋር ቢገናኝና ምስሉ ቢንቀጠቀጥ ወይም ጨርሶ ባይታይ፣ አስቀድሞ የሚጠረጠረው ማሽኑ ነው። ይህ ጥርጣሬ ዋጋ ያስከፍላል፤ የማሽኑ የምስል ቺፕ ዛሬ ስለማይመረት፣ ያለ አግባብ ሲፈታ ቢበላሽ ምትክ ማግኘት አዳጋች ነው። ይሁንና ጉድለቱ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በማሽኑ ሳይሆን በማሽኑ፣ በቴሌቪዥኑና በኤሌክትሪኩ የጊዜ ልክ መካከል ነው።

የምልክቱ ባሕርይ

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥርጭቱን በ1957 ዓ.ም. የጀመረ ሲሆን፣ አገሪቱ የተከተለችው ባለ 625 መስመርና ባለ 50 ኸርዝ ሥርዓት ነው። በዚህ ሥርዓት አንድ ሙሉ ምስል እያንዳንዳቸው 312.5 መስመር ባላቸው ሁለት ግማሾች ይላካል፤ ትርፉ ግማሽ መስመር ሁለቱን እንደ ጣት ያጠላልፋቸዋል። ለአውሮፓ ገበያ የተሠራው ኮሞዶር 64 ግን 312 ሙሉ መስመር ብቻ በሰከንድ 50.12 ጊዜ ይልካል። ግማሽ መስመር ስለሌለ እያንዳንዱ ምስል በቀዳሚው ላይ በትክክል ያርፋል። የመስታወት ቱቦ ያለው አሮጌ ቴሌቪዥን ይህን ሳይቸገር ያሳያል። ዘመናዊው ግን ምልክቱን እንደ ተጠላለፈ ቆጥሮ ሊፈታው ስለሚሞክር ፊደላቱ ወደ ላይና ወደ ታች ይርገበገባሉ።

ከአሜሪካ የመጣ ማሽን ሌላ ችግር ያክላል። እርሱ 263 መስመር በሰከንድ 59.83 ጊዜ ይልካል። ትራንስፎርመር 220 ቮልትን ወደ 120 ቢያወርድም 50 ኸርዝን ወደ 60 አይለውጥም፤ የምስሉን ፍጥነት የሚወስነውም የማሽኑ ክሪስታል እንጂ የግድግዳው ኤሌክትሪክ አይደለም።

ጥላው የሚናገረው

የመስመሩ 50 ኸርዝ በኧርዝ ጉድለት ወይም በደከመ ካፓሲተር በኩል ወደ ምስሉ ሲገባ አግድም ጥላ ይፈጠራል። በአውሮፓው ማሽን ጥላው ስክሪኑን አቋርጦ ለመጨረስ 8 ሰከንድ ገደማ ይወስዳል፤ ይህም የ50.12 እና የ50 ልዩነት ነው። በአሜሪካው ማሽን ግን በሰከንድ 10 ጊዜ ገደማ ይርገበገባል። ኃይሉ ከጄኔሬተር ከሆነ የጥላው ፍጥነት ከሞተሩ ጋር ይለዋወጣል። ስለዚህ ማሽኑን ከመፍታት በፊት ጥላውን በሰዓት መለካት ይገባል።

የሥራው ቅደም ተከተል

በመጀመሪያ የኃይል ሳጥኑ ይፈተሻል። የኮሞዶር 64 ዋነኛ ሳጥን ሲያረጅ የ5 ቮልቱን መጠን ከልክ በላይ አሳልፎ ቺፖችን የማቃጠል ጠባይ አለው፤ ልኬቱ ከ5.25 ቮልት ካለፈ መገናኘት የለበትም። ቀጥሎ ማሽኑ በአሮጌ ቴሌቪዥን ይሞከራል፤ በዚያ የረጋ ምስል ካሳየ ጤነኛ ነው። ከዚያም ብርሃንና ቀለምን ለየብቻ የሚያስተላልፍ ኬብል ይመረጣል።

በመጨረሻ ኮንቨርተር ይመረጣል። አንደኛው ዓይነት እያንዳንዱን መስመር ደግሞ ይልካል፤ 50.12ን ሳይነካ ስለሚያልፍ እንቅስቃሴው እንደ ዋናው ይቆያል፣ ሆኖም አንዳንድ ቴሌቪዥን አይቀበለውም። ሁለተኛው ሙሉ ምስሉን በማህደረ ትውስታ ይዞ በራሱ ፍጥነት ይልካል፤ በሁሉም ላይ ይታያል፣ ነገር ግን ወደ 50 ሲለውጥ በየ8 ሰከንዱ አንድ ምስል ይጥላል፣ ወደ 60 ሲለውጥ ደግሞ በየሰከንዱ 10 ያህል ምስል ይደግማል። ለጥናትና ለቀረጻ የመጀመሪያው ይመረጣል፤ ሁለተኛው ቴሌቪዥኑ እምቢ ሲል የሚወሰድ አማራጭ ነው።

ማጠቃለያ

የምስል መንቀጥቀጥ የብልሽት ማስረጃ ሳይሆን በቅድሚያ የልኬት ጥያቄ ነው። መስመሩን የቆጠረ፣ ጥላውን የለካና ቮልቱን የፈተሸ ተመራማሪ ማሽኑን ሳይከፍት የችግሩን ምንጭ ለመለየት የሚያስችል በቂ መረጃ ይይዛል። እንዲህ የተጠበቀ ማሽን ለሚቀጥለው ተማሪም ይተርፋል።