ስለ ቁጠባ፦ ሥራ ለጀመሩ ወጣቶቻችን

ወጣቶቻችን ሥራ በያዙ በመጀመሪያው ዓመት ቀርበው ከሚያጫውቱን ነገር አንዱ፣ ደመወዛቸው እጃቸው ላይ የማይቆይ መሆኑ ነው። የቤት ኪራይ አለ፤ የመኪና ዕዳ አለ፤ በየወሩ ወደ አገር ቤት የሚላከው አለ። ከዚህ ሁሉ የተረፈው ይቀመጣል ይባላል፤ ነገር ግን የሚተርፍ የለም። ስሕተቱ ቁጠባን ከትርፍ መጠበቁ ላይ ይመስለናል።

ቅዱስ ጳውሎስ ለኢየሩሳሌም ድሆች የሚሆነውን ርዳታ ሲያዝዝ (1ኛ ቆሮ. 16፥2)፣ እርሱ ሲደርስ ተሯሩጠው እንዲሰበስቡ አልፈለገም፤ እያንዳንዱ በሳምንቱ መጀመሪያ ቀን እንደ ገቢው መጠን እንዲያስቀምጥ እንጂ። ዮሴፍም በግብፅ የጥጋብ ዘመን የመከረው (ዘፍ. 41፥34) ከምርቱ አምስተኛው እጅ እንዲወሰድ ነው፤ ተበልቶ የተረፈው አላለም። በሁለቱም ዘንድ መጠኑ አስቀድሞ የተወሰነ ነው።

ይህን ሥርዓት በእኛ ዘንድ ሲያስጠብቅ የኖረው ዕቁብ ነው። 12 ሰዎች በየወሩ 200 ዶላር ቢጥሉ፣ እያንዳንዱ በተራው 2,400 ዶላር ያነሣል። ዕጣው መጀመሪያ የወጣለት ያለ ወለድ ተበዳሪ ነው፤ የመጨረሻው ግን ቆጣቢ ነው። ብርታቱ ከዳኛው፣ ከጸሐፊውና ከይሉኝታው ላይ ነው። እኛም በስደት በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ያጠራቀምነው በዕቁብ ነው፤ ለብቻችን በባንክ የጀመርነው ሁለት ጊዜ ፈርሶብናል።

በዚህ በአሜሪካ የዳኛውን ቦታ ሊይዝ የሚችለው የደመወዝ ክፍሉ ነው። ብዙ አሠሪዎች ደመወዙን ከሁለት የባንክ ሒሳብ ከፍለው ያስገባሉ፤ የቁጠባው ድርሻ ገና ሳይታይ ያልፋል። ፎር ኦ ዋን ኬ በሚባለው የጡረታ ቁጠባ ደግሞ ብዙ አሠሪዎች ሠራተኛው ባስቀመጠው ላይ የራሳቸውን ይጨምራሉ፤ ይህን መተው ከደመወዝ ላይ እንደ መተው ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው ሕግ መሠረት አብዛኞቹ አዲስ የተቋቋሙ ዕቅዶች ከ2025 ጀምሮ፣ ሠራተኛው እምቢ ካላለ በቀር፣ ከ3 እስከ 10 በመቶ ቆርጠው ያስገባሉ። ስለዚህ ወረቀቱን ሳያነቡ እምቢ ማለት አይገባም። ይሁን እንጂ ከ59 ዓመት ተኩል በፊት ቢወጣ፣ ከግብሩ በላይ ብዙውን ጊዜ 10 በመቶ ቅጣት አለው። ለድንገተኛ ችግር የሚሆነው ገንዘብ በባንክ ለብቻው ይቀመጥ፤ እንዲያውም እርሱ ይቅደም።

ዕድሜ እዚህ ላይ ከገንዘብ ይልቅ ይሠራል። በ25 ዓመቱ ጀምሮ እስከ 65 በየወሩ 100 ዶላር ያስቀመጠ ሰው ገንዘቡ በዓመት 5 በመቶ ቢያድግ (ዋስትና ያለው ነገር አይደለም) 152,600 ዶላር ያህል ያገኛል፤ ከኪሱ ያወጣው 48,000 ብቻ ነው። በ35 የጀመረው ግን 36,000 አውጥቶ 83,200 ያህል ያገኛል።

«እናቴ እየጠበቀችኝ እንዴት ለራሴ አስቀምጣለሁ?» የሚሉን አሉ። ከባድ ጥያቄ ነው፤ አናቃልለውም። የምንመክረው፣ ለቤተሰብ የሚላከው በየወሩ የታወቀ ልክ እንዲኖረውና ልኩም በግልጽ እንዲነገራቸው ነው፤ ለሕመምና ለኀዘን የሚሆን ጥቂት ገንዘብም ለብቻው ይያዝ። የምናውቀው አንድ ወጣት የጠየቁትን ሁሉ እየላከ ምንም ሳያስቀምጥ ኖረ። ሥራው ቆሞ አራት ወር ሲቀመጥ የሚልከውም ቆመ፤ ከኀፍረት የተነሣ ስልክ መደወሉንም ተወ። እናቱ ነገሩን የሰማችው ከሌላ ሰው ነው።