አንዲቱን መክሊት አትቅበራት

የዐቢይ ጾም ስድስተኛው ሰንበት «ገብር ኄር» ይባላል፤ በጎ አገልጋይ ማለት ነው። በዕለቱ የመክሊቱን ምሳሌ እንሰማለን (ማቴ. 25፥14-30)። አምስትና ሁለት የተቀበሉት አተረፉ፤ አንድ የተቀበለው ግን ቆፍሮ ቀበራት። ልብ በሉ! ያስፈረደበት አንድ መቀበሉ አይደለም፣ መቅበሩ ነው። ጌታው የሰጠው እንደ ዐቅሙ ነበርና። ለምን ቀበርክ ሲባልም ምክንያቱ ፍርሃት ሆነ (ቁ. 25)።

እኛስ? ለሰበካ ጉባኤ ስንመረጥ «እኔ ፊደል ያልቆጠርኩ፣ ምን አውቄ?» እንላለን። ወጣቱም አገልግል ሲባል «አፌ አይፈታም» ይላል። ሙሴም ስለ አንደበቱ ይህንኑ አመካኝቶ ነበር (ዘጸ. 4፥10-16)። እግዚአብሔር ጉድለት የለብህም አላለውም፤ ወንድሙን አሮንን አፍ እንዲሆነው ሰጠው እንጂ። ስለዚህ የጎደለህን የሚሞላ ሰው ከጎንህ ማቆም ነውር አይደለም።

የሰንበታቱን ስያሜ ያገኘነው ከቅዱስ ያሬድ ድርሰት ነው። እርሱ ግን በልጅነቱ ትምህርት አልገባው ብሎ ከመምህሩ ከጌዴዎን ኮብልሎ ነበር። ከዛፍ ሥር ተቀምጦ አንድ ትል ግንዱን ስትወጣ፣ ስትወድቅ፣ በሰባተኛው ጫፍ ስትደርስ አየ። ተነሥቶ ተመለሰ። ባይመለስ ኖሮ ድጓውን፣ ጾመ ድጓውን፣ የግእዝ፣ የዕዝልና የአራራይ ዜማውን ከማን እንሰማ ነበር?

ይህ የጥንት ብቻ አይደለም። የወሎዋ ልጅ የትነበርሽ ንጉሤ በ5 ዓመቷ የዓይን ብርሃኗን አጣች። ዓይነ ስውርነቷ ከልጅነት ጋብቻ አድኖ የትምህርት በር እንደከፈተላት ራሷ ትናገራለች። ሻሸመኔ በሚገኝ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ተምራ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ አጠናች፤ ለአካል ጉዳተኞች መብት በመቆሟም በ2010 ዓ.ም. የራይት ላይቭሊሁድ ዓለም አቀፍ ሽልማት ተሰጣት።

እንግዲህ በመርሳና በሐብሩ ቀበሌዎች ያለህ ወንድሜ፣ ያለሽ እኅቴ፣ እስቲ ራሳችንን እንጠይቅ። «ሰው እንዳያይብኝ» ብለን ከጓዳ ያስቀመጥነው ልጅ የለም? እርሱም መክሊት ነው፤ የቀበርነው ግን የእርሱን ነው። ገበሬ ማሽላውን አፈር የሚያለብሰው እንዲበቅል ነው፤ ሰነፉ ባሪያ ግን የቀበረው እንዳይነካ ነው። ሁለቱ ይለያያሉ።

ጾሙ ሳይፈታ አንድ ነገር እናድርግ፦ ልጁን ትምህርት ቤት እናስመዝግብ፣ እምቢ ያልነውን አገልግሎት እንቀበል፣ ፊደል ያልቆጠርንም ከልጆቻችን ጋር «ሀ» ብለን እንጀምር። ብንወድቅ እንነሣ፤ ትሏም ስድስት ጊዜ ወድቃለች።

የእግዚአብሔር ቸርነት፣ የእመቤታችን አማላጅነት አይለየን። አሜን።